የአካባቢያችሁን ውሃ ማን ያስተዳድር? አራቱ አማራጮች ሲነጻጸሩ

ለውሃ ጉድጓድ ገንዘብ ሲዋጣ የሚነሱት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ስንት ሜትር ይቆፈራል? ስንት ብር ይፈጃል? ቁፋሮውን ማን ይውሰደው? የቀበሌው ልማት ኮሚቴም፣ ዋሽንግተን ወይም ሪያድ ሆኖ ለትውልድ ቀዬው የሚያዋጣውም ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ውሃው ከወጣ በኋላ ማን ያስተዳድረዋል የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ሪባን ሊቆረጥ ሲል ነው። ያን ጊዜ ረፍዷል። ፓምፑ ተመርጧል፣ ቧንቧው ተዘርግቷል፣ አስተዳዳሪ የሚሆነውም በዚያ ቀን የተገኘው ሰው ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለመንደር ሽማግሌዎች፣ ለቀበሌና ለከተማ ምክር ቤት አባላት፣ ለትውልድ አካባቢ ማህበራት ነው። አራት አማራጮችን አነጻጽራለሁ፦ የመንደር የውሃ ኮሚቴ፣ ብዙ መንደሮችን የሚያቅፍ የተጠቃሚዎች ማህበር፣ የከተማ ውሃ አገልግሎት እና የግል ድርጅት። አቋሜን ቀድሜ ልናገር። የውሃ ተቋም የሕዝብ ንብረት ሆኖ መቆየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ቁጥጥሩም ውሃውን ከሚጠጡት ሰዎች መራቅ የለበትም። ይሁንና «የሕዝብ ነው» ማለት ብቻውን ቧንቧ አይጠግንም። ለጥልቅ ጉድጓድ የመንደር ኮሚቴ ያቋቋመ ሰፈርና ለአንዲት ምንጭ የከተማ ቢሮ የሚጠብቅ ሰፈር መጨረሻቸው አንድ ነው። እናቶች እንስራቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ።

ባለቤትነት ሌላ፣ አስተዳደር ሌላ

በኢትዮጵያ ሕግ ውሃው ራሱ የማንም የግል ሀብት አይሆንም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የሀገሪቱን ውሃ በሙሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት አድርጎታል። ይኸው አዋጅ ተጠቃሚዎች በራሳቸው ተነሳሽነት ተደራጅተው ውሃውን ማስተዳደር እንደሚችሉም ያውቃል። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 90 የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ንጹህ ውሃ ማግኘት እንዳለበት ይላል።

ስለዚህ የምትመርጡት የውሃውን ባለቤት አይደለም። የምትመርጡት ዋጋ የሚተምነውን፣ ገንዘቡን የሚይዘውን፣ ቫልቩን የሚከፍትና የሚዘጋውን፣ ጥፋት ሲገኝበት በእናንተ ድምፅ ሊነሳ የሚችለውን ሰው ነው።

አራቱንም አማራጮች የምመዝንባት ጥያቄ አንዲት ናት፦ ከተቋሙ ሁሉ በጣም ውዱ ዕቃ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ በማን ገንዘብ? ለዚህች ጥያቄ ስም ጠርቶ፣ የባንክ ደብተር አሳይቶ የሚመልስ አስተዳደር ካገኛችሁ ምርጫው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

የመንደር ኮሚቴ፦ ለምንጭና ለእጅ ፓምፕ

በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ዋሽኮ የሚባለው ይህ ነው። ተጠቃሚው ተሰብስቦ ጥቂት ሰዎች ይመርጣል። ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ተንከባካቢ ይኖራል። ሴቶች ቢያንስ ግማሹን እንዲይዙ ይመከራል፤ እኔ ከዚያም አልፌ ገንዘብ ያዥዋ ሴት ብትሆን እመርጣለሁ። ውሃ ሲጠፋ ሌሊት ተነስታ የምትሄደው እሷ ናት፤ ለጥገና የተቀመጠው ገንዘብ ለሌላ ነገር ሲጠየቅ እንቢ ለማለት ከማንም የበለጠ ምክንያት አላት።

ኮሚቴ በትክክለኛው ቦታ ሲሆን የሚስተካከለው የለም። አፍሪዴቭ የሚባለውን የእጅ ፓምፕ ውሰዱ። የተሠራው ገና ከመነሻው መንደሩ ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። ዋናው መፍቻ አንድ ነው። ፒስተኑና የታችኛው ቫልቭ ቧንቧው ሳይነቀል በውስጡ ተስበው ይወጣሉ። ቶሎ የሚያልቀው ጎማው ነው፤ ርካሽ ነው። ሁለት የሰለጠኑ ሰዎች ጠዋት ጀምረው ለምሳ ሳይደርሱ ይጨርሱታል። የጎለበተ ምንጭ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። አጥሩን መጠበቅ፣ የጎርፍ መከላከያ ቦዩን መጥረግ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን ማጠብ፣ ቧንቧውን መቀየር ነው። ይህን ሁሉ ከመንደሩ የተሻለ የሚሠራው የለም።

ኮሚቴ ግንባታንም መምራት እንደሚችል አማራ ክልል ውስጥ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በተሠራበት አካሄድ የግንባታው ገንዘብ ወደ ኮንትራክተር አይሄድም። በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በዛሬው ፀደይ ባንክ በኩል ለኮሚቴው ይደርሳል። መንደሩ ያመለክታል፣ ወረዳው ይገመግማል፣ ኮሚቴው ሲሚንቶ ይገዛል፣ ግንበኛ ይቀጥራል። ለጥገና የሚሆን ገንዘብም ቀድሞ መቆጠብ አለበት። አካሄዱ ከ2011 እ.ኤ.አ. በኋላ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተወስዷል። እኔን የሚማርከኝ ነገር አንድ ነው። ሲሚንቶ በስንት እንደተገዛ መንደሩ ያውቃል። በስንት እንደተገዛ የሚያውቁትን ነገር ሰዎች እንዲሁ ሲፈርስ አያዩም።

አሁን ኮሚቴ የሚወድቅበትን ቦታ እንይ። አንድ ምሳሌ እናስላ። 250 አባወራ አለ እንበል። እያንዳንዱ በወር 20 ብር ቢከፍል 5,000 ብር ይሰበሰባል። ለጥበቃና ለተንከባካቢ 3,000 ብር ቢወጣ 2,000 ይቀራል። በዓመት 24,000 ብር ነው። ለእጅ ፓምፕ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ውሃው የሚመጣው ግን ከጥልቅ ጉድጓድ በሰብመርሲብል ፓምፕ፣ ማለትም ውሃው ውስጥ ጠልቆ በሞተር በሚሠራ ፓምፕ፣ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ፓምፑና ሞተሩ 500,000 ብር ቢያወጣ ኮሚቴው ያንን ለመተካት ከ20 ዓመት በላይ መቆጠብ አለበት። ይህ የጀነሬተሩ ነዳጅ ሳይታሰብ ነው፤ ብሩ በዋጋ ንረት መርከሱም ሳይታሰብ። ሞተሩ ደግሞ 20 ዓመት አይጠብቅም። መብራት ከፍና ዝቅ ሲል ሊቃጠል ይችላል። ሞተሩን ከጉድጓዱ ለማውጣት ክሬን ያለው መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናው ክልል ወይም ዞን ላይ ነው፣ ወረፋም አለው።

ስለዚህ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ ለሰባት ሰው ኮሚቴ ቁልፍ ማስረከብ ኮሚቴውን ማክበር አይደለም። የማይችለውን ሸክም ጭኖ መሄድ ነው። ተቋሙ ሲቆም ደግሞ «ሕዝቡ አልያዘውም» ይባላል። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ ጥፋቱ ቴክኖሎጂውንና አስተዳደሩን ሳያገናኝ ያቀደው ሰው ነው።

የተጠቃሚዎች ማህበር፦ ብዙ መንደር በአንድ መስመር

አንድ ምንጭ ወይም አንድ ጉድጓድ ብዙ ቀበሌ የሚያጠጣ ከሆነ የእያንዳንዱ መንደር ኮሚቴ ተወካይ ልኮ ጠቅላላ ጉባኤ ይቋቋማል። ጉባኤው ቦርድ ይመርጣል። ቦርዱ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ይቀጥራል፤ ሥራ አስኪያጅ፣ የሂሳብ ሠራተኛ፣ የቧንቧ ባለሙያ። ከኮሚቴ የሚለየው ትልቁ ነገር ይህ ቅጥር ነው። በነጻ የሚያገለግል ገበሬ መኸር ሲደርስ ወደ ማሳው ይሄዳል፤ መሄድም አለበት።

አርሲ ውስጥ የሂጦሳ የስበት ውሃ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ዋተርኤድ በተባለው የእንግሊዝ የእርዳታ ድርጅት ድጋፍ የተሠራ ነው። ከተራራ ምንጭ ተነስቶ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ቧንቧ ትንንሽ ከተሞችንና በርካታ የገጠር መንደሮችን ያገናኛል። አስተዳደሩ ለተጠቃሚዎቹ ለራሳቸው ተሰጠ። ተወካዮቻቸው ያሉበት ቦርድ፣ ቦርዱ የሚቀጥራቸው ሠራተኞች፣ የራሱ ገቢ ያለው ድርጅት ሆነ። ውሃው በስበት መምጣቱ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ነዳጅ የለም፣ የሚቃጠል ሞተር የለም።

ይህ ዓይነት አስተዳደር ከውጭ የመጣልን ነገር አይደለም። ቦረና ውስጥ በጥልቅ የኤላ ጉድጓዶች ላይ ከብት የሚጠጣበትን ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ። የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ፣ ገንዳውን ማን እንደሚጠግን፣ ማን እንደሚጎትት በሥርዓት የተወሰነ ነው። በሰሜኑ ደጋም መስኖ ባለበት ሁሉ ተራ የሚያድል፣ ቦይ የሚያስጠርግ የውሃ አባት አለ። ደንቡን ያልጠበቀ ይቀጣል፤ ፍርዱም እዚያው ነው። ማህበር ስታቋቁሙ እነዚህን ሰዎች ወደ ጎን አታድርጉ። ከወረቀት ደንብ በፊት የእነሱ ደንብ አለ።

የማህበር ፈተና ላይና ታች ነው። ለምንጩ ቅርብ ያለው መንደር ውሃ ሞልቶለት ይፈስሳል፣ መስመሩ መጨረሻ ያለው ቧንቧ አየር ይነፋል። መሃል ላይ ያለችው ትንሽ ከተማ ደግሞ ሆቴልና ካፌ ሲበዛባት ድርሻዋን እያሰፋች ትሄዳለች። መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ለመስመሩ መጨረሻ መንደሮች የቦርድ መቀመጫ በግልጽ ይጻፍ። ለየቅርንጫፉ ቆጣሪ ይተከል። ማን ስንት እንደወሰደ በቁጥር ካልታየ ክርክሩ ወደ ጎሳና ወደ ቀበሌ ጠብ ይዞራል።

የከተማ ውሃ አገልግሎት፦ የሕዝብ ሆኖ በሙያ የሚመራ

ከተማ ሲሆን ኮሚቴ አይበቃም። ኬሚስት፣ ኤሌክትሪሺያን፣ ቢል የሚያዘጋጅ፣ ቆጣሪ የሚያነብ፣ ሌሊት የሚጠራ የጥገና ቡድን ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ከተሞቻችን ይህን የሚሠራው በውሃ ቦርድ የሚመራ የሕዝብ ተቋም ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የተቀመጠው ግብ ለገጠር በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። ለከተማ እንደ ደረጃው ከ40 እስከ 100 ሊትር ይደርስ ነበር። የውሃ ፖሊሲውም ሁለቱን ይለያል። የገጠር ታሪፍ ሥራ ማስኬጃና ጥገናን ይሸፍን፤ የከተማ ታሪፍ ሙሉ ወጪን ይመልስ ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ የከተማ ምክር ቤቶች የሚሳሳቱት ነገር አለ። ታሪፍ ዝቅ ማድረግ ድሃን መጥቀም ይመስላቸዋል። አንድ ቦኖ ሄዳችሁ ቁሙና ቁጠሩ። ጀሪካኑ 20 ሊትር ነው። 50 ጀሪካን አንድ ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ጀሪካኑ በ1 ብር ቢሸጥ ሜትር ኪዩቡ 50 ብር ገባ ማለት ነው። አጥሩ ውስጥ ቆጣሪ ያለው ጎረቤት በሜትር ኪዩብ 15 ብር ቢከፍል፣ ጀሪካን ተሸክማ የምትሄደው ሴት ከእሱ ከሦስት እጥፍ በላይ ከፈለች። ርካሹ ታሪፍ የደረሰው ቧንቧ ለገባለት ሰው ነው። እሷ ከቦኖው ስታጣ ከቦቴ ወይም በጋሪ ከሚያዞረው ትገዛለች፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው። ስለዚህ የከተማችሁን ታሪፍ ስትመረምሩ መጀመሪያ የምታዩት የቦኖውን ዋጋ ይሁን። በቦኖ የሚሸጠው ውሃ ዋጋ ከቤት ቆጣሪው የመጀመሪያ እርከን፣ ጥቂት ውሃ ለሚጠቀም ከተቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ፣ መብለጥ የለበትም። ብዙ የሚጠቀመው ሆቴል፣ መኪና አጣቢና ፋብሪካ ከፍ ያለውን እርከን ይክፈል።

የከተማ ተቋም ትልቁ በሽታ ጣልቃ ገብነት ነው። ሥራ አስኪያጁ በሹመት ይመጣል፣ በሹመት ይሄዳል። ዕዳቸውን የማይከፍሉት መሥሪያ ቤቶች ብዙ ጊዜ የመንግሥት ናቸው። ለፓምፕ የተቀመጠ ገንዘብ ለሌላ ወጪ ይዛወራል። የዚህ መድኃኒት ተቋሙን መሸጥ አይደለም። ፕኖም ፔንን እዩ። የካምቦዲያ ዋና ከተማ የውሃ ተቋም በ1993 እ.ኤ.አ. ፈርሶ ነበር ማለት ይቻላል። ከሚያመርተው ውሃ 72 በመቶው በመፍሰስና በስርቆት ይጠፋ ነበር። ኤክ ሶን ቻን ኃላፊ ሆነው ሲመጡ ሌቦችን አባረሩ፣ ለሁሉም ደንበኛ ቆጣሪ አስገቡ፣ አንከፍልም ያሉ ባለሥልጣናትን ጭምር ውሃ ቆረጡባቸው። ብክነቱ ወደ 6 በመቶ ገደማ ወረደ። ተቋሙ ያን ጊዜ ሁሉ የመንግሥት ነበር። የተለወጠው በገንዘቡና በሠራተኛው ላይ ራሱ መወሰን መቻሉ ነው።

የግል ድርጅት፦ መቼ ያስፈራል፣ መቼ ይጠቅማል

ሁለት ነገሮችን ለዩ። አንደኛው ለድርጅት ሥራ መስጠት ነው፤ ቁፋሮ፣ የሶላር ገጠማ፣ ሞተር ጥገና፣ የሂሳብ ምርመራ። ይህ ምንም ክፋት የለውም፣ ሁላችሁም ያስፈልጋችኋል። ሁለተኛው መላውን አገልግሎት ለረጅም ዓመታት ማስረከብ ነው። ታሪክ የሚያስጠነቅቀው ስለዚህኛው ነው።

ቦሊቪያ ውስጥ የኮቻባምባ ከተማ ውሃ በ1999 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ቤክቴል ድርሻ ለነበረበት ኩባንያ ተሰጠ። ዋጋ ወዲያው ናረ፤ የአንዳንዱ ቤት ቢል እጥፍ ሆነ። ገበሬዎችና የከተማ ዳር ነዋሪዎች የበለጠ የተቆጡት በሌላ ነገር ነበር። በራሳቸው ጉልበትና መዋጮ የቆፈሯቸው ጉድጓዶች በውሉና በአዲሱ ሕግ ምክንያት ሊወሰዱባቸው ነው ብለው ፈሩ። በ2000 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ሚያዝያ ከተማዋ በተቃውሞ ተናወጠች፣ ሰው ሞተ፣ ውሉ ተሰረዘ። ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። የቀረው ግን ለእናንተ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ወደ ሕዝብ የተመለሰው ተቋም ከዚያ በኋላም በብልሹ አሠራር ተቸግሯል። የደቡቡ ድሃ ሰፈር ነዋሪዎች ለዓመታት የኖሩት በራሳቸው የውሃ ኮሚቴዎች ነው፤ ኮሚቴዎቹም በ2004 እ.ኤ.አ. ኅብረት መሠረቱ። ማስመለስ አንድ ሥራ ነው፣ ማስተዳደር ሌላ።

ወደ እኛ ቅርብ ዳሬ ሰላም አለች። የከተማዋ ውሃ በነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ባይዎተር ላለበት ኩባንያ በ10 ዓመት ውል ተሰጠ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የታንዛኒያ መንግሥት በግንቦት 2005 ውሉን አፈረሰ። ከዚያ ነገሩ ዓለም አቀፍ የግልግል ችሎት ደረሰ። ታንዛኒያ በችሎቱ ባትጎዳም፣ አንድ የእኛ ትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ሙግት ውስጥ ብትገባ ጠበቃ የምትቀጥርበት ገንዘብ የላትም።

ውሉ ሲያበቃ በሰላም መመለስም ይቻላል። ፓሪስ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሃዋን ለሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች ሰጥታ ነበር፤ የሴን ወንዝ ቀኝ ለቬኦሊያ፣ ግራው ለሱዌዝ። ውሉ ሲያልቅ አላደሰችም። ጥር 1 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ኦ ደ ፓሪ የተባለው የከተማው ተቋም ሥራ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት 35 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ተረፈ፤ በ2011 ዋጋው በ8 በመቶ ቀነሰ። በቦርዱ ላይ የሠራተኞችና የተጠቃሚ ማህበራት ተወካዮች ተቀምጠዋል። ፓሪስ ይህን የቻለችው የውሉን ማብቂያ ቀን ስለምታውቅና ዓመታት ቀድማ ስለተዘጋጀች ነው።

ኡጋንዳ ደግሞ የትንንሽ ከተሞችን ውሃ ለብዙ ጊዜ በአነስተኛ የግል አንቀሳቃሾች አሠራች። ገቢው ለትልቅ ጥገና አልበቃም። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተሞቹን «ጃንጥላ» ለሚባሉት ክልላዊ የሕዝብ ተቋማት አስረከበቻቸው። ለብቻው የማይችል ከተማ ከሌሎች ጋር ሆኖ አንድ መካኒክና አንድ ክሬን ይጋራል። ለእኛ ትንንሽ ከተሞችም ከሁሉ የሚስማማው ይህ ሐሳብ ይመስለኛል።

ታዲያ የትኛውን?

ምንጭ ወይም የእጅ ፓምፕ ያለው አንድ መንደር ከሆናችሁ ኮሚቴ በቂ ነው። ሌላ አትፈልጉ። በስበት የሚሄድ ውሃ ብዙ መንደር የሚያገናኝ ከሆነ ማህበር፣ ቅጥር ሠራተኞች ያሉት። ጥልቅ ጉድጓድ ያለው የገጠር ቀበሌ ከሆነ ለብቻችሁ አትቁሙ። በአቅራቢያ ካለው የከተማ ውሃ አገልግሎት ጋር የጥገና ውል ግቡ፣ ወይም በወረዳው ካሉ መሰሎቻችሁ ጋር ኅብረት ፍጠሩ። ቦኖውንና ገቢውን መንደሩ ያስተዳድር፣ ሞተሩን ባለሙያው ይያዝ። ከተማ ከሆናችሁ የሕዝብ ተቋማችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ነገር ግን የከንቲባው ጽሕፈት ቤት ካዝናውን እንዳይነካ በደንብ እሰሩት። አገልግሎቱን በሙሉ ለግል ድርጅት የማስረከብ ሐሳብ ከመጣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት በሕዝብ ፊት አስነብቡት። የማይነበብ ውል አይፈረም።

የትኛውንም ብትመርጡ ሂሳቡ በዓመት ሁለት ጊዜ በጉባኤ ፊት ድምፅ ተሰምቶ ይነበብ። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። የባንክ ደብተሩ በሦስት ፊርማ ይንቀሳቀስ። በቦኖ ውሃ የምትሸጠው ሴት በቂ ክፍያ ታግኝ፤ ከሽያጩ ጥቂት መቶኛ ብቻ ከሰጣችኋት ቀዳዳውን ራሷ ለመሙላት ትገደዳለች። አቅመ ደካሞች በነጻ የሚቀዱበት አሠራር በቃል ሳይሆን በደንቡ ይስፈር፣ ስማቸውንም ጉባኤው ያጽድቅ።

በውጭ ሀገር ሆናችሁ ለምታዋጡ አንድ ነገር ልጨምር። ከምትሰበስቡት ገንዘብ ላይ ለመጀመሪያው ትልቅ ጥገና የሚሆነውን ነጥላችሁ በተጠቃሚዎቹ ስም ባንክ አስገቡ። ቀሪው ለቁፋሮ ይሁን። ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ሦስት ወረቀት ጠይቁ፦ የተጠቃሚዎቹ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ወይም የከተማው ውሃ አገልግሎት የጥገና ስምምነት፣ የታሪፉ ስሌት። ስሌቱ ላይ ፓምፕ የመተካት ወጪ ከሌለበት መልሳችሁ ላኩት። ቁፋሮው አንድ ወር ቢዘገይ ይሻላል።